የሚገፋ ሞተር

እዚህ ዮግያካርታ፣ እኛ መንደር ውስጥ፣ ሞተር ሳይክል ያለው ሁሉ ጠባቡ መንገድ ላይ ሲደርስ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ወርዶ እየገፋ ነው የሚያልፈው። ደንብ ነው። ይሄ አንድ የሰፈራችን ሰውዬ ግን ሲገፋ ሙሽራ እንደሚያጅብ ሚዜ ደረቱን ነፍቶ ነው።

የሞተሩ ጭስ ማውጫ ክንዴን ያህላል። መስተዋቶቹ በየጊዜው ይቀያየራሉ። ሰንሰለቱን በጥርስ ብሩሽ ሲፈገፍግ ይውላል፤ የራሱ ጥርስ ግን ብሩሽ ያየ አይመስልም። በዚህ ሙቀት የቆዳ ጃኬት ይለብሳል፣ ጓንትም ያጠልቃል።

የማያስነካው አንድ ነገር ብቻ ነው። የነዳጅ ጋኑ ላይ፣ በቀኝ በኩል፣ አስፋልት የፋቀው የሚመስል ረጅም ጭረት አለ። ቀለም ቀቢው ሱገንግ አንድ ቀን አላስችል አለው።

«ፓክ» አለው፣ እኛ ዘንድ «አባባ» እንደማለት ነው፤ «እሷን በነጻ ላጥፋልዎት? ውበቱን ገደለችው እኮ!»

«ተዋት» አለው፣ ቀና እንኳ ሳይል።

ሌላው ሰው ጠባቡን መንገድ እንደጨረሰ ሞተሩን አስነስቶ ይበራል። እሱ ግን፣ እኔ ሩዝ የምሸጥበት ጥግ ያቆመዋል፣ በሁለት ቁልፍ ይቆልፈዋል፣ አንዴ ይወለውለዋል። ከዚያ በስልኩ የኪራይ ሞተር ይጠራል!

ዛሬ የመጣችለት ነጂ ጊያርቲ ነበረች። የቆመውን ሞተር ስታይ በሳቅ ፈነዳች።

«ይሄን የመሰለ ፈረስ አስረው በኔ አህያ ሊሄዱ ነው ፓክ?»

«ቀስ ብለሽ ንጂ፣ የኔ ልጅ» አላት።

ከኋላዋ ተፈናጠጠ። እኔም «ጀግናችን ዘመተ!» ብዬ ደንበኞቼን ላስቅ አፌን ከፈትኩ። ሰውዬው የመቀመጫውን ብረት በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዟል። ጊያርቲ ገና ሞተሯን ሳታስነሳ፣ ዓይኖቹን ጥርቅም አድርጎ ጨፍኗል።

አፌን መልሼ ዘጋሁ።