ሣጥን ውስጥ የተቆለፈው መጠቅለያ

የበኩር ልጄን የገደለችው አማቴ ወይዘሮ ድንቄ ናት።

ዛሬ እዚህ ቡታጅራ፣ ወሯ የገባው ነፍሰ ጡር የልጅ ልጄ የሕፃን ልብስ አጥባ ስታሰጣ ጎረቤታችን፣ «ምነው ልጄ፣ ሳይወለድ ሟርት ትጠሪያለሽ?» አለቻት።

«አስጪ፣ አትስሚያት!» አልኩ።

በጃንሆይ ጊዜ እኔም ከነጠላዬ መጠቅለያ ቀድጄ አዘጋጅቼ ነበር። አማቴ ቀማችኝና ካለን ጨርቅ ሁሉ ጋር ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። «ላልመጣ እንግዳ አይነጠፍም» አለችኝ።

እሷ ገበያ ሄዳ፣ እኔ በክረምት ዝናብ እንሰት ስፍቅ ምጥ ያዘኝ። ቁልፉ አንገቷ ላይ ነበር። ብቻዬን ወለድኩና ልጄን በረጠበ ቀሚሴ ጠቀለልኩት። እስክትመለስ በብርድ ሞተ።

ያኔ ሣጥኑን ከፈተች። በዚያው መጠቅለያ ገነዘችው። ለመግነዝ ሲሆን ሟርት የለውም መሰለኝ።

እናንተስ እንዲህ የተከለከላችሁት ምን ነበር? ጻፉልኝ።

እኔ ከእንግዲህ የአማቴ ስም ሲነሳ «ነፍሷን ይማር» አልልም።