ጥርስ ነክሶ መኖር

ለተገብርኤል ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጆቿን ጥርሷን ነክሳ ነው ያሳደገችው። ካዛንቺስ ባለው መሥሪያ ቤቷም ሥራ ቢቆለልባት ጥርሷን ነክሳ ትጨርሳለች እንጂ እምቢ ማለት አታውቅም።

ኋላ ግን ከጆሮዋ ሥር ያማት ጀመር። ስታዛጋ ቀጭ ይላል፤ ጉርሻ ሲቀርብላት አፏ አልከፈት ይላታል። ጥርስ ነው ብላ ደህናውን መንጋጋ ጥርሷን አስነቀለች። ጥርሱ ወጣ፤ ሕመሙ ግን ንቅንቅ አላለም።

በመጨረሻ መስቀል ፍላወር አካባቢ ያለ አንድ ሐኪም ጉንጯን ዳሰስ ዳሰስ አድርጎ፣ "ጥርስዎን ይነክሳሉ?" አላት።

"ሳልነክስ ልጅ ያድጋል እንዴ?"

ሐኪሙ አልሳቀም። "የመንጋጋዎን መገጣጠሚያ የጎዳው እሱ ነው። ከንፈርዎ ይግጠም፤ ጥርስና ጥርስዎ ግን አይገናኝ። በሞቀ ፎጣ ይያዙት። ቆሎና ማስቲካም ለጊዜው ይቅርብዎ።"

ለተገብርኤል ደግሞ አንዴ ከያዘች ያዘች ነው። ቆሎውን ለጎረቤት ሰጠች። ታክሲ ሰልፍ ላይም ሆነ ኮምፒውተር ፊት ጥርሷ በገጠመ ቁጥር "ልቀቂ!" ትላለች ለራሷ። ሕመሙ ቀስ በቀስ ጋብ አለ።

አንድ አርብ መውጫ ሰዓት ላይ አለቃዋ ፍሬአብ የሌላ ሰው ፋይል ተሸክሞ መጣና ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፈው።

"መቼም እንደለመዱት ጥርስዎን ነክሰው ይጨርሱልናል" አላት።

መንጋጋዋ ግጥም ሲል ተሰማት። ቀስ ብላ ለቀቀችው።

"ጥርስ መንከስ ሐኪም ከልክሎኛል" አለችና ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።