«ውሃ የበቅሎ ነው»

ዛሬ ጥርስ ሐኪም ቤት፣ የአራት ዓመቷ የልጅ ልጄ እንድትጉመጠመጥ የቀረበላትን ውሃ በእጇ ገፋ አድርጋ «ውሃ የበቅሎ ነው» አለች።

ሐኪሟ ሳቀችና «ማነው እንዲህ ያለሽ?» ስትላት ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች። እኔም ግድግዳ ግድግዳውን ማየት ጀመርኩ።

እውነቷን ነው። እናቷ ውሃ ስትሰጣት «ውሃ የበቅሎ ነው፤ ልጅቱ በቅሎ መሰለችሽ?» እያልኩ ስቀልድባት፣ ዞር ስትልልኝ ለልጅቱ ብርዝ በጡጦ አጠጣት ነበር። ከራሴ ቀፎ የቆረጥኩት ማር መድኃኒት እንጂ ጥፋት አልመሰለኝም።

ሐኪሟ የተቦረቦሩትን የፊት ጥርሶች አሳየችኝ። «አባባ፣ ማርም ለጥርስ ያው ስኳር ነው። ቀኑን ሙሉ ስትጠባው ጥርሷን ይበላዋል። ውሃ ይስጧት፤ ወተትም ያለ ስኳር።»

አንዱ ጥርስ ተነቀለ። ልጅቱ እያለቀሰች የያዘችው የእኔኑ እጅ ነው። አብራን የመጣችው እናቷ የልጅቱን እንባ ብቻ ጠረገች፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ቤት ገብተን ውሃ በሁለት ኩባያ ቀዳሁ። አንዱን ለእሷ ሰጥቼ አንዱን ጠጣሁ።

«አባባ፣ አንቱም በቅሎ ሆኑ?»

«አዎ፣ ያውም ያረጀሁ በቅሎ» አልኳት። ያኔ ጠጣች።

እናንተስ፣ በፍቅር ያበላሻችሁት ነገር የለም? ንገሩኝ እንጂ፣ ብቻዬን አልፈር።