ጅቡ ሐይቁ ዳር ሲደርስ

ልጅ ሳለሁ ጅብ ማለት አባቴ ነበር። እውነተኛውን ጅብ ከከተማው ዳር ሲጮህ ከመስማት በቀር አላውቀውም፤ የእኛው ጅብ ግን ከሱቃችን በስተኋላ ባለችው ክፍል ሽርጡን አገልድሞ፣ ሁለት እጁን ምንጣፉ ላይ ተክሎ፣ «አምጡልኝ ያንን በግ!» እያለ በወፍራም ድምፁ የሚያጓራ፣ ቀን ቀን ደግሞ ስኳርና ላምባ የሚሸጥ፣ ሸምሱ የሚባል ነጋዴ ነበር።

ጅብ ያደረጉት ተረት ነጋሪው ሽማግሌ ኦቦ ቶሎሳ ናቸው። ያኔ ከተማችን በወረቀት ሀገረ ሕይወት፣ በሰው አፍ ግን አምቦ ነበረች፤ ሰዓት እላፊም ስለነበረ ሱቁ በጊዜ ይዘጋል። ኦቦ ቶሎሳ ክፍላቸው እዚያው ግቢያችን ውስጥ ስለሆነች ሰዓት እላፊው አይነካቸውም። ተወልደው ያደጉት ጎጆ በምትባል ከተማ፣ ብርዱ አጥንት ድረስ በሚዘልቅበት ደጋ ነው። እናቴ «የጎጆ ሰው እንዴት አምቦ ይበርደዋል?» ብላ ስትቀልድባቸው፣ «የዕድሜ ልኬን ብርድ እዚያው ጨርሼ መጣሁ፤ አሁን የቀረኝ እሳት መሞቅ ነው» ይሉና በርጩማቸውን ወደ ከሰል ምድጃው ያስጠጋሉ። እናቴ ፍሙን ታራግባለች፣ ፋኖሱ ምስማሩ ላይ ይሰቀላል፤ የላምባውና የሳሙናው ሽታ ከከሰሉ ሙቀት ጋር ተደባልቆ፣ ዓይኔን ብጨፍን እንኳ ቤቴ መሆኔን ይነግረኝ ነበር።

ተረታቸው ሁልጊዜ መሐል ላይ ይቆማል። አንድ ሰሞን የያዙት የወንጪ ሐይቁን ጅብ ነበር። ጅቡ ሐይቁ መሐል ካለችው ደሴት የበግ ድምፅ ሰምቶ ምራቁን እያዝረበረበ ዳር ድረስ ይመጣል፤ ዋና አይችልም፤ ጀልባዋ ደግሞ የፍየል ናት። እዚህ ሲደርሱ ዝም ይሉና ጉልበታቸውን በመዳፋቸው መታ አድርገው፣ «ኢጆሌ! ሬቲን ማል ሃ ጎቱ? በሉ ልጆች፣ ፍየሏ ምን ታድርግ?» ይላሉ። በአፍ መመለስ ብቻውን አይበቃም፤ ተነስቶ መሆን ነበር። ሻይ ቅጠል የመጣበት ትልቅ የጣውላ ሳጥን ጀልባ ይሆናል፤ እኔ ፍየል፣ ታናሽ ወንድሜ ሙክታር በግ፤ አባቴ በዚያ ድምፁ የተነሳ ከጅብነት ተሽሮ አያውቅም። አንድ ቀን ከነስስቱ ሐይቁ ውስጥ እንከተዋለን፤ ሌላ ቀን ሥጋ እንዳይቀምስ አስምለን እናሻግረዋለን። ያም ሆነ ይህ፣ በማግስቱ ማታ ተመልሶ እዚያው ዳር ቆሞ እናገኘዋለን።

እንዲህ ሲጫወት የሚያመሽ ሰው ቀን ላይ ጨዋታ አይወድም ነበር ቢባል ማን ያምናል? ቀበሌያችን በከፈተው መዋዕለ ሕፃናት ገብቼ ነበር። መምህራችን እትዬ ብርቄ ሳቂታ ወጣት ነበረች። በቆርኪ ታስቆጥረናለች፤ ሰኞ ማክሰኞ ስታሰምርልን በየሳጥኑ ፊደል ጽፋ «ለ ላይ ዝለሉ!» ትለናለች፤ በጭቃ ላም እንሠራለን፤ ወንበር ደርድረን አውቶቡስ ተሳፍረን አዲስ አበባ ደርሰን ለምሳ እንመለሳለን። ትምህርት ቤት መሆኑን እንኳ ልብ አላልኩትም፤ የምሄደው እትዬ ብርቄ ጋ ነበር።

«ዛሬ ምን ተማርሽ?» ይለኛል አባቴ።

«ጭቃ አቦካን።»

«ጭቃውንማ እዚሁ ደጃችን ላይ አታጪውም ነበር» ይልና እናቴን ያያታል።

አልፈርድበትም። እሱ ፊደል የቆጠረው ጎልምሶ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ቀኑን ሲሸጥ ውሎ ማታ ከሽማግሌዎች ጋር አግዳሚ ላይ እያንቀላፋ ነው። በላብ ያገኘውን ነገር ልጁ እየሳቀች ታገኘዋለች ብሎ ማመን አቃተው። በዚያ ላይ የጎረቤታችን ልጅ፣ እኩያዬ፣ ከሀ እስከ ፐ ሳይተነፍስ ይወርደዋል። እሱ የሚማረው ግቢያቸው ውስጥ ፊደል የሚያስቆጥሩ አንድ ጡረተኛ ዘንድ ነበር፤ እኛ በሌሉበት «ጋሼ አርጩሜ» እንላቸዋለን። ስሙ ከየት እንደመጣ የጎረቤታችን ልጅ ባቱን ገልጦ አሳይቶኛል።

አንድ ዓርብ ማታ አባቴ ሱቁን ዘግቶ ገባና፣ «ከሰኞ ጀምሮ ነኢማ ፊደል ከሚያስቆጥሩት ሰውዬ ዘንድ ትገባለች፤ ተነጋግረን ጨርሰናል» አለ።  እትዬ ብርቄን፣ አውቶቡሳችንን፣ ገና ያልደረቀችውን የጭቃ ላሜን አሰብኩና እናቴ ቀሚስ ሥር ተሸጉጬ አለቀስኩ። ኦቦ ቶሎሳ ፍሙን በመቆስቆሻ ይገለባብጣሉ።

ለቅሶዬ የከበደው አባቴ፣ «ይልቅ ተረቱን ይቀጥሉልን፣ ኦቦ፤ ያ ጅብ ዳር ቆሞ ብርድ ሊፈጀው ነው» አለ።

ሽማግሌው ከበርጩማቸው ተነስተው ከማገዶው ቀጭን ጭራሮ መዘዙ። «ቀጥ በሉ ሁላችሁም! እጅ ወደ ኋላ! ሸምሱ፣ አንተም። ተከተሉኝ፤ ጅብ!»

«ጅብ» አልን።

«ፍየል!»

«ፍየል።»

«ጀልባ!»

«ጀልባ።»

«እንደገና፣ ከጅብ!»

መጀመሪያ አባቴ ሳቀ። በሁለተኛው ዙር ፈገግታው ቀነሰ። ሙክታር ማዛጋት ጀመረ፤ እኔም ለቅሶዬን ረስቼ ፋኖሱን የምትዞረውን የእሳት ራት አያለሁ። በሦስተኛው ዙር አባቴ «እሺ ኦቦ፣ ፍየሏስ ምን አደረገች?» ቢል ጭራሮው አፍንጫው ላይ ተቀሰረ።

«እጅህን ሳታወጣ ማን ተናገር አለህ? ከጅብ ጀምር!»

እናቴ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ትንፈቀፈቅ ጀመር።

«ኧረ በአላህ!» አለ አባቴ። «እንዲህ ከሆነማ ተረቱ ይቅርብኝ፤ ልተኛበት።»

ኦቦ ቶሎሳ ጭራሮውን ፍሙ ላይ ጣሉትና ተቀመጡ። ጭራሮው ቦግ ብሎ ሲጠፋ ድምፃቸው ለዘብ አለ። «አየህ ሸምሱ፣ አንተ የልጆች አባት ሦስት ዙር አልቻልክም። ይህቺን ነፍስ ያላወቀች ልጅ ዓመት ሙሉ ቻይው ልትላት ነው?»

 አባቴ «አንድ ፊደል እንኳ ሳትይዝ ብትቀርብኝስ፣ ኦቦ? እኔ በልጅነቴ እንደቀረሁት?» አለ፤ ድምፁ የጅብ ድምፅ አልነበረም። አባቴም የሚፈራው ነገር እንዳለ ያወቅሁት ያኔ ነው፤ አሳዘነኝ። ኦቦ ቶሎሳ ወደ እኔ ዞረው ጉልበታቸውን መታ አደረጉ።

«ሬቲን ማል ሃ ጎቱ?»

እንባዬን ጠርጌ ሳጥኑን ጎተትኩ። ጅቡ አንድ እግሩን ሊያስገባ ሲል ከለከልኩት። ከምድጃው ሥር የበረደ ከሰል አንስቼ በሳጥኑ አንድ ጫፍ «ፍ»፣ በሌላው ጫፍ «ጅ»፣ መሐል ላይ ደግሞ ሙክታር እንዳይከፋው «በ» ብዬ ጻፍኩ። ጅ ትንሽ ተንጋዳ ነበር።

«ያ ያንተ ቦታ ነው፣ አያ ጅቦ። ከቦታህ ብትነሳ ጀልባው ይገለበጣል!»

አባቴ ፋኖሱን ከምስማሩ አውርዶ ሳጥኑ ላይ ጎንበስ አለ። ፊደሎቹን በጣቱ ሊነካ ቃጣውና እንዳይጠፉ ብሎ ተወው።

«ይሄን ማን አስተማረሽ?»

«ማንም አላስተማረኝም» አልኩ፤ እውነቴን ነበር። «አውቶቡስ ስንጫወት ሁላችንም ወንበራችን ላይ እንጽፋለን። አለዚያ ያ ጫላ ይቀመጥብናል።»

ኦቦ ቶሎሳ እስኪያስላቸው ሳቁ። አባቴ ግን አልሳቀም፤ ፋኖሱን ለእናቴ አቀበላትና ሽርጡን ሰብስቦ፣ «ጅ» ላይ ሄዶ ቁጭ አለ። ጣውላው ተንቋቋ።

«በይ አሻግሪኝ እንግዲህ» አለኝ።

ሰኞ ጠዋት ሳጥኑን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ በሌላ እጁ እኔን ይዞ እትዬ ብርቄ በር ላይ ቆመ። «ለጀልባ ይሆናችኋል» ብሎ እጄን ለእሷ ሰጥቶ ወደ ሱቁ ተመለሰ።

ኦቦ ቶሎሳ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ። የዚያን ተረት ትክክለኛ መጨረሻ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ፤ ይኑረው አይኑረው ዛሬም አላውቅም። ፍም ባየሁ ቁጥር ግን ያ ጉልበት መታ ሲደረግ ይሰማኛል፣ እግሬም ተነሽ ተነሽ ይለኛል። አባቴ አርጅቷል፤ ምንጣፍ ላይ መንበርከክ ስለማይችል ለልጄ የሚያጓራላት ከወንበሩ ላይ ሆኖ ነው። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በር ላይ ይጠብቃታል። ምን ተማርሽ ብሎ ጠይቋት አያውቅም።

«ዛሬ ምን ተጫወትሽ?» ነው የሚላት።