ለልጄ ቆንስል ሆኜ

«ትምህርትዎን ሲጨርሱ ወደ አገርዎ ለምን ይመለሳሉ?»

ጠያቂዋ እኔ ነኝ፤ ተጠያቂዋ የገዛ ልጄ። ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር ካለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ፣ የምግብ ጠረጴዛውን መሐል አድርገን ፊት ለፊት ተቀምጠናል። ልጄ አሜሪካ አገር ለሁለተኛ ዲግሪ የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝታ የቀራት ቪዛ ብቻ ነበር። ቪዛው ደግሞ ያለው አዲስ አበባ፣ አንድ ቆንስል እጅ ላይ ነው። እሱ ፊት ከመቆሟ በፊት እኔ ፊት ትቁም ብዬ ቆንስል ሆንሁላት።

«እማ፣ እርስዎ ስትይኝ እኮ ሳቄ ይመጣል!»

«ቆንስሉ እናትሽ ነው እንዴ አንቺ የሚልሽ? ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ!»

ለዚህ ሥራ እኔን የሚያህል ሰው ባሕር ዳር ውስጥ አይገኝም። ኮሌጅ ውስጥ ሬጅስትራር ነው የምሠራው። ከዓመት እስከ ዓመት በመስኮት የተማሪ ምክንያት ስሰማ ነው የኖርሁት፤ ዘመድ ያልሞተበት፣ መታወቂያ ያልጠፋው ተማሪ የለም። የትኛው ከልቡ እንደሚያወራ፣ የትኛው ሸምድዶ እንደመጣ ዓይኑን አይቼ አውቃለሁ እላለሁ። ባለቤቴ «አንቺማ ወላጅ እናትሽንም ማኅተም የለውም ብለሽ ትመልሻቸዋለሽ» እያለ ይቀልድብኛል።

ልጄ መጀመሪያ የሰጠችኝ መልስ «ቤተሰቤ እዚህ ስለሆነ» የሚል ነበር።

«ይሄንማ ሁሉም ይለዋል። ይሂዱ፣ ቀጣይ!»

«እሺ፣ አገሬን ስለምወድ።»

«ኧረ በማርያም! የሚጠላ ማን አለ?»

ጠረጴዛው ላይ ግንባሯን ደፍታ ትስቃለች። እኔ ግን አልሳቅሁም። ቪዛው ቢከለከል ምን እንደሚውጠን ሳስበው ጭንቅ ጥብብ ይለኝ ነበር።

ለምን እንዲህ እንደጨነቀኝ ልናገር። ልጄ ያጠናችው ስለ ውሃ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ጣናን የወረረውን እምቦጭ የሚባል አረም ልታይ፣ የውሃ ናሙናም ልትቀዳ በጎንደር መንገድ ወጥታ ነበር። ስትመለስ ሐሙሲት ከተማ ላይ ተኩስ ተነሥቶ መንገዱ ተዘጋ፤ ስልክም ጠፋ። ይሄን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው። በሰዓቱ የማውቀው ልጄ እንዳልገባችና ስልኳ እንደማይጠራ ብቻ ነበር። ባለቤቴ መናኸሪያ ሄዶ በዚያ በኩል የመጣ መኪና እንደሌለ ሰምቶ ተመለሰ። ደግሞ ሄደ። እኔ በሩ ላይ ቁጭ ብዬ የባጃጅ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ብድግ እል ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የናሙና ጠርሙሶቿን እንዳቀፈች መጣች። አንዲት ሻይ ቤት ያላት ሴትዮ አስገብታ አሳድራታለች። «እንዴት ያለች ደግ ሴት መሰለችሽ፣ ሻይዋ ደግሞ ሲጣፍጥ!» እያለች ስታወራኝ በጥፊ ላጮላት ምንም አልቀረኝም። አቅፌ አለቀስሁ እንጂ። ያን ቀን በልቤ ቆረጥሁ፤ ይቺ ልጅ ከዚህ ትሄዳለች፣ ከሄደች ደግሞ አትመለስም አልሁ። ለማንም አልተነፈስሁም። ቆንስሉ ፊት «እመለሳለሁ» ብላ እንድታሳምን ያን ያህል የደከምሁት እንግዲህ እንዳትመለስ ነው።

አንድ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ስንንሸራሸር መልሱ መጣልኝ። እሷ ውሃው ላይ የተንሳፈፈ ቅጠል እያሳየችኝ ስለ እምቦጩ ታወራለች። ስታወራ እጇ አያርፍም።

«ይሄንኑ ለምን አትነግሪውም?» አልኋት። «ተመልሼ የውሃ መመርመሪያ ቤት እከፍታለሁ በይ። አሣ አጥማጁም፣ ሆቴሉም፣ ገበሬውም ውሃውን አምጥቶ ያስመረምራል። የምከፍተው ዓባይ ማዶ ነው በይ፤ ቦታውን ስትጠሪለት እውነት ይመስላል።»

አየት አደረገችኝና «ዓባይ ማዶ የት ጋ?» አለች።

«እኔ ምን አውቅልሻለሁ! ድልድዩን ሻገር ብሎ፣ የሆነ ቦታ!»

ከዚያ ወዲያ ልጅቷን ማን ይቻላት። በተለማመድን ቁጥር መልሱ ይረዝማል። ማቀዝቀዣው የት እንደሚቀመጥ፣ ለገበሬ በነፃ ለሆቴል በክፍያ እንደሚሆን፣ ማን ማን አብሯት እንደሚሠራ ሁሉ ትነግረኛለች። አንድ ቀን ከባጃጅ ወርዳ ገና በሩን ሳትዘጋ «ዓባይ ማዶ ለኪራይ የሚሆን ቤት አየሁ፤ ምድር ቤት ነው፣ ቧንቧም አለው» አለችኝ። መልሱን ልታሳምርበት መስሎኝ «ጎበዝ! ስለ ቧንቧውም ንገሪው» አልኋት። ወይ እኔ ሞኟ! የሰው ልጅ ሁሉ ዓይን አነብባለሁ ስል የራሴ ልጅ ዓይን ተሰወረኝ።

የቃለ መጠይቁ ዕለት እሷ አዲስ አበባ፣ እኔ መስኮቴ ላይ ነበርን። የአንዱን ተማሪ ወረቀት ለሌላው ሰጠሁ። የሚሉኝ አይሰማኝም፤ «ምን አልህ?» እያልሁ አስደግማለሁ። ኔትወርኩ ደግሞ ይመጣል፣ ይጠፋል። በመጨረሻ ስልኩ ጠራ።

«እማ፣ ሰጡኝ!»

ሰልፈኛው ሁሉ እያየኝ እልልታዬን አቀለጥሁት። ተማሪዎቹም ምኑንም ሳያውቁ አጨበጨቡልኝ።

«ደግሞ የጠየቀኝ እሱኑ ነው! ለምን ትመለሻለሽ አለኝ። ስለ ቤቱ፣ ስለ ሁሉም ነገርሁት። ታውቂያለሽ እማ፣ ምንም አልፈራሁም። አልዋሸሁም እኮ!»

«እንዴት አልዋሸሁም?»

«እመለሳለኋ! ሁለት ዓመት ምን አላት?»

ተማሪዎቹ ገና እያጨበጨቡ ነበር።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግረው «ራስሽ አስተምረሻት!» ብሎ ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ግን ሳቁን ዋጠው። «ልጅ እመለሳለሁ ሲል ደስ አይልም እንዴ?» አለኝ። እንዴት ደስ አይል! እናት አይደለሁ? ግን ያ በር ላይ የተቀመጥሁበት ቀን መጣብኝና የተኩሱን፣ የመንገዱን፣ በልቤ የቆረጥሁትን ሁሉ አወጣሁለት። «እኔስ መናኸሪያ ለመናኸሪያ ስመላለስ ለጤናዬ መሰለሽ? ንገሪያት እንግዲህ» አለ።

ንገሪያት ማለት ቀላል ነው። በርበሬውን ስቋጥርላት ልናገር፣ ሻንጣዋን ስትዘጋ ልናገር እያልሁ አፌን እየያዘኝ ቀኑ ደረሰ። እሷ ደግሞ «የቤቱን ሰውዬ አልፎ አልፎ ደውለሽ ጠይቂልኝ፣ ለሌላ እንዳያከራየው» ትለኛለች። እሺ እላለሁ።

አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ አባቷን ተሰናብታ ወደ እኔ ዞረች። «ሁለት ዓመት ናት እማ፣ እንዲህ አትሁኚ። ስመለስ ደግሞ...»

«አትመለሺ» አልኋት።

ሳቀች። የለመድነው ጨዋታ መስሏት «እመለሳለሁ፣ ክብርት ቆንስል፣ ምክንያቱም...» ብላ ጀመረች።

«ልጄ፣ አልቀለድሁም። ሥራ ካገኘሽ እዚያው ሥሪ። ከናፈቅሁሽ በስልክ እይኝ። ሁለተኛ በር ላይ ተቀምጬ አልጠብቅሽም፤ አቅም የለኝም።»

ዓይኗን ዓይኔ ላይ እንደተከለች ቆየች። ከኋላዋ ያሉት ሰዎች እለፊ ይሏታል። ሻንጣዋን አነሣችና «እሺ» አለች።

ይኸው ከሄደች ከረመች። ትደውላለች፤ ስለ ብርዱ፣ ስለ ትምህርቷ፣ አውቶቡስ ላይ ስለተዋወቀቻት ሴትዮ ታወራልኛለች፤ አባቷንም ታስቀዋለች። ስለ መመለስ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አንዲት ቃል አልወጣትም። እሺ ያለችኝ ከልቧ ይሁን ወይስ እንዳላለቅስ ብላ፣ አላውቅም። ልጠይቃት እፈራለሁ። እመለሳለሁ ብትለኝ እንቅልፍ የለኝም። አትመለሺ ብዬ የለመንኋት እኔ፣ ሰምታኝ ይሆን እንዴ ብዬ የምጨነቀውም እኔው ነኝ።