ዲንሳ ቀጥ ያደረጋቸው ሽቦዎች

ባለፈው ሚያዝያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በአምቦ መናኸሪያ በኩል አለፍኩ። ወደ ሸነን የሚሄደው የኤቢሳ ሚኒባስ ሞልቶ ሊወጣ ነበር፤ ፊቱ ላይ ግን በጎች ተበታትነው መንገዱን ዘግተዋል። ባለቤታቸው ጀርባውን ሰጥቶ ከአንድ ነጋዴ ጋር ይከራከራል። ሌላ ሾፌር ቢሆን ክላክሱን ያስጮኸው ነበር። ኤቢሳ ግን አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «በጎቹን! ማሎ፣ እባካችሁ በጎቹን!» እያለ ይጣራል። ጫጫታው ስለበዛ የሰማው የለም።

በዚህ መሀል ሰማያዊ ቱታ የለበሰው ዲንሳ ሲያልፍ አየና ቆመ። የያዘውን ዳቦ በብብቱ ሸጉጦ በጎቹን ወደ አጥሩ ሰበሰባቸው። እምቢ ያለውን አንድ ሙክት በቀንዱ ይዞ ጎተተው። መንገዱ ሲከፈት ወደ ሾፌሩ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ ሄደ። ኤቢሳም አላመሰገነውም፤ መስኮቱን ዘግቶ ወጣ።

ሁለቱን አውቃቸዋለሁ። ከአምስት ዓመት በላይ ተኳርፈው እንደኖሩም አውቃለሁ። ስለዚህ ያየሁት ነገር ከልቤ አልወጣም።

ዲንሳ የመኪና ኤሌክትሪሻን ነው። የሚሠራበት ጋራዥ ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቄ ፊት ለፊት ስለሆነ ስንተያይ እንውላለን። እሱ የወንጌል አማኝ ነው፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ በጾም ወራት ክትፎ እንደሚጋብዘኝ እያስፈራራ ይስቅብኛል። የተወለደው ጊንጪ አካባቢ፣ ጭልሞ ደን አጠገብ ነው። አባቱ የደን ጥበቃ ሠራተኛ ነበሩ። እሱ ግን ከዛፍ ይልቅ የሚያልፈውን የጭነት መኪና ሲያይ ይውል ነበርና ወጣት ሳለ አምቦ መጥቶ ቀንዓ ከሚባሉ አዛውንት ኤሌክትሪሻን ዘንድ ሥራ ያዘ። ቀንዓ ከዚህ ዓለም ካለፉ ቆይተዋል። ያስተማሩት ነገር ግን ዛሬም በጋራዡ ውስጥ ሕግ ነው፤ ሽቦ ላይ ሥራ ከመጀመርህ በፊት ፍታው፣ አስተካክለው፣ ቀጥ አድርገህ በቴፕ ጠቅልለው። እሳቸው ዘንድ የተወሳሰበ ሽቦ የሰነፍ ሰው ሥራ ነበር። የአምቦ ሾፌሮችም የዲንሳን እጅ የሚያውቁት በዚህ ነው፤ ዳሽቦርዱ ሲከፈት ገመዶቹ እንደተበጠረ ፀጉር ተኝተው ይገኛሉ።

ጠቡ የመጣው ከዚሁ ንጽሕናው ነው።

በ2011 ዓ.ም. ጥር ወር ኤቢሳ የእህቱን ልጅ ለንሳን ሊድር ነበር። ያሳደጋት እሱ ነው። ሙሽራው የሸነን ሰው ስለሆነ ሙሽራዋንና አጃቢዎቿን በራሱ ሚኒባስ ሊወስድ ወሰነ። መኪናው ገና አዲስ ነበር። ኤቢሳ ወደ ዲንሳ መጥቶ፣ «ክላክሱ የዶሮ ጫጩት ድምፅ ነው ያለው። ሸነን ድረስ የሚሰማ ግጠምልኝ» አለው። የአገራችን የሰርግ መኪና ደግሞ መንገዱን ሙሉ ካልጮኸ ሰርግ አይመስልም።

ዲንሳ ዳሽቦርዱን ሲከፍት ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች እርስ በርስ ተጠማዘው አገኘ። ፋብሪካው ቸኩሎ ነው ብሎ አሰበ። ለአዲሱ ክላክስ ገመድ ቦታ ስለያዙበትም ቆረጣቸው፣ ፈታቸው፣ አስረዘማቸው፤ ከዚያ ቀጥ አድርጎ ከክላክሱ ወፍራም ገመድ ጋር በአንድ ቴፕ ጠቀለላቸው። ሞተሩን አስነሳ፤ ሠራ። ክላክሱን ነካ አደረገ፤ ጮኸ። ኤቢሳ አቅፎ ሳመው።

በሰርጉ ቀን ከአምቦ ጀምሮ እየነፉ ሄዱ። ሸነን መግቢያ ዳገቱ ላይ ሲደርሱ የሙሽራው ወገን ከላይ እልል ሲል፣ ኤቢሳም እጁን ክላክሱ ላይ ጭኖ አላነሳም። ያን ጊዜ የዳሽቦርዱ መርፌዎች ሁሉ ዜሮ ወረዱ፣ ማስጠንቀቂያ መብራቶቹ ባንድ ጊዜ በሩ፣ ሞተሩም ጠፋ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ መኪናው ወደ ኋላ ሳይንሸራተት ኤቢሳ በእጅ ፍሬን ያዘው። ለንሳ ቬሎዋን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ የቀረውን ዳገት በእግሯ ወጣች። በኋላ ኤቢሳ ቁልፉን ዘግቶ ሲከፍት ሞተሩ ምንም እንዳልሆነ ተነሣ።

በማግስቱ ኤቢሳ ጋራዡ በር ላይ ነበር። እኔም ሱቄ በር ላይ ስለነበርኩ ሰምቻለሁ።

«ክላክሱን ስነፋ ነው የጠፋው» አለ።

«ክላክስ ሞተር የሚያጠፋ ከሆነማ ቁልፍ ለምን ተሠራ፣ ኦቦ ኤቢሳ?» አለ ዲንሳ። «ማታ ቤትህ ስትደርስ እየነፋህ አቁመው!»

ጋራዡ በሳቅ ተሞላ። ሞቲ የሚባለው መካኒክ ከመኪና ሥር ሆኖ፣ «ለማስነሳትስ ዋሽንት ነው የሚነፋለት?» ብሎ ጨመረበት።

ዲንሳ ወደ ሚኒባሱ ገብቶ ሞተሩን አስነሳና ክላክሱን አንዴ ነካ አደረገ። ምንም አልሆነም። «ይኸው! ነዳጁን ከየት ነው የቀዳኸው? ወይስ ዳገት ላይ ማርሽ መቀየር ረሳህ?»

ኤቢሳ በመኪና መሪ ላይ ያረጀ ሰው ነው። ቁልፉን ከዲንሳ ተቀብሎ፣ «እሺ። እኔ ውሸታም ነኝ» ብሎ ሄደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የክላክሱን ፊውዝ ነቅሎ በኪሱ ይዞ ይዞራል። የሚመልሰው ለዓመታዊው የመኪና ምርመራ ብቻ ነው። መኪናው ድጋሚ ጠፍቶበት አያውቅም፤ ለእሱ ያ በቂው ነበር። መናኸሪያው ግን አልተወውም። ስሙ ኤቢሳ ክላክስ ሆነ። አሁን የመጡት ረዳቶች ስሙ ከየት እንደመጣ እንኳ ሳያውቁ በዚያው ይጠሩታል። እሱም የሸነንን መንገድ አንገቱን በመስኮት እያወጣ፣ ከብቱንም ሰውንም በአፉ እየተጣራ ይሄዳል።

ከበጎቹ ቀን በኋላ ሰኞ ዲንሳ እስክርቢቶ ሊገዛ ሱቄ ገባ።

«አካም ቡልቴ፣ ኦቦ ገለታ» አለኝ።

ሰላምታውን መለስኩና ስለ በጎቹ ጠየቅሁት። መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ በርጩማው ላይ ተቀመጠና ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ስለወሰደው ሥልጠና ነገረኝ።

ለከተማው መካኒኮች አጭር ሥልጠና ተሰጥቶ ነበር። አሠልጣኟ ፌቨን የምትባል ወጣት መምህርት ናት። ጠረጴዛ ላይ ከአሮጌ መኪና የወጡ ትናንሽ ሳጥኖች ደረደረችላቸው፤ አንዱ ሞተሩን፣ አንዱ ፍሬኑን፣ አንዱ ዳሽቦርዱን የሚቆጣጠር ኮምፒዩተር ነው። ሁሉም የተያያዙት በሁለት የተጠማዘዙ ቀጫጭን ሽቦዎች ነበር።

«ድሮ ለእያንዳንዱ መልእክት የራሱ ገመድ ነበረው» አለቻቸው። «አሁን ሁሉም በአንድ መስመር ይነጋገራሉ። እድር ስብሰባ ላይ እንደተቀመጡ ሰዎች አስቧቸው። አንዱ ሲናገር ሁሉም ይሰማል፣ የሚመለከተው ብቻ ይወስዳል። ሁለቱ እኩል ቢጀምሩ ነገሩ የሚያስቸኩለው ይቀጥላል፣ ሌላው ዝም ብሎ ተራውን ይጠብቃል። ዳኛ ግን የላቸውም።»

«ዳኛ ከሌለማ የእኛ እድር ነው» አለ ሞቲ።

ዲንሳ እጁን አወጣ። «መምህርት፣ ሽቦዎቹ የተጠማዘዙት ሠሪው ቸኩሎ ነው?»

«አይ ጋሼ ዲንሳ፣ ሆን ተብሎ ነው። መልእክቱ ያለው በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ባለው ልዩነት ላይ ነው። ተጠማዘው ሲሄዱ ከውጭ የሚመጣ ረብሻ ሁለቱንም እኩል ይነካቸዋል፤ ልዩነቱ ግን እንዳለ ይቆያል።»

«ቀጥ ቢደረጉስ?»

«ጸጥታ ሲሆን ይሠራሉ። አጠገባቸው ትልቅ ረብሻ ሲነሳ ግን መልእክቱ ይበላሻል። ስህተት የበዛበት ኮምፒዩተር ደግሞ ሌሎቹን እንዳያውክ ራሱን ከመስመሩ ያወጣል። ያኔ ሞተሩም ሊጠፋ ይችላል። ቁልፉን ዘግታችሁ ስትከፍቱ ሁሉም ይመለሳል፣ እና ምንም እንዳልነበረ ይመስላል።»

«ረብሻው ከምን ይመጣል?»

ፌቨን አሰበች። «ከብዙ ነገር። ለምሳሌ ክላክስ፣ ገመዱ ከጎናቸው ረጅም መንገድ አብሮ ከሄደና ሳይቋረጥ ከተነፋ።»

«የኤቢሳ ክላክስ!» ብሎ ሞቲ ጮኸ፣ አዳራሹም ሳቀ። ዲንሳ አልሳቀም።

«ኦቦ ገለታ፣» አለኝ በርጩማው ላይ ሆኖ፣ «እሱ ያየውን ነው የተናገረው። እኔ ግን አንድ ጊዜ ጲጵ አድርጌ ፈረድኩበት።»

«ታዲያ ለምን አትነግረውም?»

«ሄድኩ። ተራ ይዞ ቆሞ ሳለ ተጠጋሁ። መስታወቱን ዘጋው። ዳግመኛ ስሄድ ወረፋውን ትቶ ወጣ።» እስክርቢቶውን በጣቶቹ አሽከረከረው። «ባለፈው ሳምንት ደግሞ በጉም ውስጥ አንድ ፈረሰኛ መታጠፊያው ላይ ሊገባበት ነበር። ኤቢሳ ተጣራ፣ ሰውየው ግን ጋቢውን ተከናንቦ ስለነበር አልሰማም። ፈረሱ ነው ደንብሮ ያዳነው። ይህን ከሰማሁ ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። ሰው ቢሞት የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ፈረሱን ያስደነበረውን አምላክ በልቤ አመሰገንኩ። ክረምት ገብቶ ጉሙ ከመክበዱ በፊት ይህን መስማቴም ቸርነት መስሎ ታየኝ።

ዲንሳ ተነሥቶ በሩ ላይ ቆመ። ከመንገዱ ማዶ ሞቲ ጎማ እያንከባለለ ያፏጫል።

«አንተን ይሰማሃል» አለኝ። «ከሱቅህ ደብተር ሲገዛ ኖሯል፣ አንድም ቀን አልቀለድክበትም። ሽማግሌ ሁነኝ። ሌላ አንድ ሰው ይዘህ ቤቱ ሂድልኝ። ይቅርታውን አሁን አልጠይቅም፣ የምጠይቀው ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ነው። መኪናውን ጋራዡ በር ላይ እንዲያመጣልኝ ብቻ ለምንልኝ። ሞቲም፣ ሾፌሮቹም፣ የሳቁት ሁሉ ይጠሩ። ፊውዙን ከኪሱ አውጥቶ ይሰካውና፣ እኔ ሽቦዎቹን ከመጠምዘዜ በፊት፣ ሞተሩ እስኪጠፋ ድረስ ይንፋው። ይህን በልልኝ።»