ቀበና የተለቀሰላት ቀን

ባርኮት ሠዓሊ ናት፤ ግን ሸራ ወጥራ ሥዕል የምትሸጥ ዓይነት አይደለችም። ሥራዋ ከሰው ጋር ነው። ቀበና ወንዝ ዳር ያለውን ሰፈርተኛ ሰብስባ ግድግዳ ታስቀባለች፣ ወንዙ ያመጣውን ፕላስቲክ ታስለቅማለች፣ ከተለቀመው ደግሞ የሆነ ነገር ሠርታ አጥር ላይ ትሰቅላለች። መጀመሪያ ላይ ሰዉ «ይቺ ልጅ ጤናም የላት!» ብሎ ስቆባት ነበር። ኋላ ለመዳት። ከሆሳዕና የመጣች፣ አባት እናቷን የቀበረች፣ ወንድም እህት የሌላት ልጅ ናትና እሷም ሰው ስታገኝ ሙጭጭ ትላለች።

ከሁሉ ይልቅ የተጠጋችው እትዬ ታደለችን ነው። እትዬ ታደለች በወጣትነታቸው ከእንጦጦ ቅጠል እየተሸከሙ አንድ ልጃቸውን አካሉን ያሳደጉ ሴት ናቸው። አካሉ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ በጦርነቱ ጊዜ እህል ጭኖ ወደ ሰሜን እንደሄደ ቀረ። ሞተ ያለ የለም፣ አለ ያለም የለም። ባርኮት የምትኖረው እሳቸው ግቢ፣ ከጓሮ ባለችው ክፍል ነበር። «አንቺ ልጅ፣ ያን ቀለም ታጠቢና ነይ፤ እህል ቀርቦ አይጠበቅም!» እያሉ ይቆጧታል። በዚህ ሁሉ ከተማ ውስጥ የሚቆጣት ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ደስ ይላት ነበር።

ወንዙን የገደለው ከላይ ያለ አንድ ጋራዥ ነው። ወደ እንጦጦ ፓርክ የሚወጣው ሁሉ መኪናውን እዚያ ያሳጥባል፣ ዘይቱን ይቀይራል፤ የተቃጠለው ዘይት ደግሞ በቱቦ ወደ ታች ይለቀቃል። ላይ ያለው ይዝናናል፣ ታች ያለው ይታመማል። የወንዝ ዳር ጎመን ዘይት ዘይት አለ፣ የልጆች እግር ቆሰለ። አቤት ተባለ። «ይታያል» ተባለ። ማን ሊያየው! ባርኮት ነደዳት። «ሰው የሚሰበሰበው ሲሞት ብቻ ከሆነ፣ ለወንዟ ለቅሶ እንቀመጥላት!» አለች።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ቱሉ ሲሰሙ ጮሁ። «ድንኳን ለሐዘን ነው እንጂ ለጨዋታ ይተከላል እንዴ? ያምሻል?» አሏት። ግን የገዛ የልጅ ልጃቸው እግር ቆስሎ ነበርና እያጉረመረሙ ፈቀዱ። ጡሩምባ ነፊው ጋሽ በዳዳም እሺ አሉ። በየቤቱ ተዙሮ ተነገረ፣ ሠዓሊዎችና ካሜራ ያላቸው እንግዶች ተጠሩ።

ያልሰሙት እትዬ ታደለች ብቻ ነበሩ። ያን ሰሞን እንጦጦ ጠበል ገብተዋል፤ ስልክ የሚባል ነገር አይዙም። ባርኮት ወጥታ ልትነግራቸው አሰበች፤ ግን የሥራው ጥድፊያ ያዛት። «ሲመለሱ ያዩት የለ፣ ይስቃሉ» ብላ ተወችው። አይ ልጅነት! ምነው ያን ዳገት በወጣችው።

በማለዳ ጡሩምባው ተነፋ። ጋሽ በዳዳ «ቀበና አርፋለች!» እያሉ ይጣራሉ፤ ከሩቅ የሚሰማው ግን ጡሩምባው ብቻ ነው። እትዬ ታደለች የጠበል ጀሪካናቸውን አዝለው ሲወርዱ ሰሙት። ኩርባውን ሲዞሩ ድንኳኑ ከበራቸው ፊት ለፊት ተተክሏል፣ ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆሟል። እስቲ እናት ምን ታስብ? ጀሪካኑን ጥለው «አካሉዬ! ልጄን! ልጄን!» እያሉ ደረታቸውን እየደቁ መሬት ላይ ወደቁ።

ጎረቤቶቹ እየጮሁ ሮጡ። እንግዶቹ ግን የዝግጅቱ ክፍል መሰላቸውና አጨበጨቡ። አዎ፣ አጨበጨቡ! አንዱ ካሜራውን አስጠጋ፤ አንዲቷ «ዋው፣ አክቲንጋቸው!» አለች። ባርኮት ሰዉን እየገፈተረች ደርሳ ልታነሳቸው ብትሞክር ክንዷን ጨምድደው ያዙ።

«ማን ነገራችሁ? ሬሳው የት አለ?»

«ሬሳ የለም እትዬ። የወንዟ ነው… ለወንዟ ነው።»

ትክ ብለው አዩዋት፤ ክንዷን ለቀቁ።

ቪዲዮው አገር ምድሩን አዳረሰ። ባርኮት አጥፉት ብላ ብትለምን ማን ሰምቷት! ሰው ያየው የእናትን ለቅሶ ነውና ተቆጣ፤ በዚያው ሳምንት የጋራዡ ቱቦ ተደፈነ። ስንት ዓመት የተለፋበት ነገር ተሳካ። እሷ ግን እትዬ ታደለችን ቀና ብላ ማየት አቅቷት ሲግናል አካባቢ ክፍል ተከራየች። «እንኳን ደስ አለሽ» የሚላት በዛ፤ ማታ ቀለሟን ሳትታጠብ ቀዝቃዛ ዳቦ ስትበላ የሚቆጣት ግን የለም። ጋሽ ቱሉን ሽማግሌ ላከች። «ይቅር ብለውሻል» ብለው ተመለሱ። ትምጣ የሚል ቃል ግን አልያዙም።

ክረምቱ እንደወጣ አላስችል አላትና ሄዳ በራቸውን አንኳኳች። አስገቧት፤ በርጩማ ሰጧት።

«እትዬ፣ እውነት ይቅር ብለውኛል?»

«ብያለሁ። ውሃውም ጠርቷል፣ ደግ ሠርተሻል። ክፉ አላሰብሽም።»

«ታዲያ ለምን አይጠሩኝም? ልምጣ፣ እዚሁ ልኑር። እኔ ሌላ ሰው የለኝም እኮ!»

እትዬ ታደለች እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጠፉ።

«ያን ቀን አለቀስኩት» አሉ። «ሞተ ያለኝ ሰው ሳይኖር እኔ እናቱ ቀድሜ አለቀስኩት። በፊት በር በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ዘሎ ይወጣ ነበር፤ እሱ ነው እያልኩ። ያን ሁሉ ዓመት ያኖረኝ ያ ተስፋ ነበር። አሁን ስታንኳኪ ግን፣ ጎረቤት ነው ብዬ ቀስ ብዬ ተነሳሁ።»

ባርኮት እግራቸው ላይ ወድቃ አለቀሰች። እሳቸው አላለቀሱም።